ቶርቫልድን ወደ ቤቱ የገፋሁ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ታምራት ሶዶ ላይ ያሠራውን አዲስ ቤት ሲያስመርቅ ጠርቶኝ ሄድኩ። ቤቱ ግሩም ነው፤ አይካድም። ሳሎኑ ፈረስ ያስጋልባል። ሶፋው ላይ አንዴ የሰመጠ ሰው ጎትቶ የሚያወጣው ይፈልጋል። ግድግዳው ላይ ደግሞ በር የሚያህል ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። እንግዳው ቁርጡን በዳጣ እየነከረ ይበላል፤ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተዘግቶ የፈረንጅ አገር በረዶ ያሳያል። ለምን በረዶ እንደከፈቱ አላውቅም። ለጌጥ ይሆናል፤ ዘንድሮ ጌጥ የማይሆን ነገር የለም።

በረዶው መሃል ድንገት ያቺ ወንበር ብቅ አለች። ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ብረቶች ላይ የተተከለች የእንጨት ወንበር ናት። አንዲት ሴት ከኋላዋ ቆማ፣ አንድ እግሯን ብረቱ ላይ አድርጋ በሌላው መሬቱን እየረገጠች ትገፋታለች። እንግዶቹ ሳቁ። ታምራት እጁን እየጠረገ፣ "አክስቴ! በወጣትነትሽ የነዳሻት ይቺ አይደለች እንዴ?" አለኝ።

"ሥራ የምሄደው በሷ ነበር" አልኩ።

"ፓ! እንዴት ደስ ይላል!" አለች ሚስቱ።

ደስ ይላል! ያነሳሁትን ቁርጥ ሰሃኔ ላይ መለስኩት። ሥጋ በዝቶብኝ አይደለም፤ የወላይታ ልጅ ሥጋ አይበዛባትም። ያቺን ወንበር እያየሁ መብላት አልችልም። ለልጆቹ የማወራላቸው የሚያስቀውን የሚያስቀውን ብቻ ነው፤ እንዴት እንደወደቅሁ፣ እንዴት ቂጤ እንደበለዘ። የቀረውን ለማንም አውርቼው አላውቅም። ምርቃት ቤት የሚወራም አይደለም።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቦዲቲ ተወልጄ፣ ቦዲቲ ተምሬ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል እያጠብኩ ሳለ፣ ወጣቶችን ለአንድ ዓመት ውጭ አገር የሚልክ ፕሮግራም መጣና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች እኔን መረጡ። "አስቴር አፏ አያርፍም፤ ቋንቋ ቶሎ ትለምዳለች" ብለው ነው አሉ። የተላክሁት ኖርዌይ ነው፣ ያውም የሰሜኑ ሰሜን። አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ እንድሠራ ነበር። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ጳውሎስ ነው፤ የዚህ የታምራት አባት። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ሸኘኝ። "ሽማግሌ አክብሪ፣ የሰጡሽን ብዪ" አለኝ። ሁለት ምክር ብቻ፤ ሁለቱም መዘዝ አመጡብኝ።

ብርዱን አላወራውም፤ እሱን ሁሉም ያወራዋል። እኔን ያስጠላኝ ሌላ ሌላው ነው። አፍንጫዬ ውስጥ ያለው ንፍጥ ደርቆ በተነፈስኩ ቁጥር ይኮሰኩሰኛል። ሹራቡ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ዝናብ የመታው በግ ይሸታል። ፀሐይ ለሳምንታት አትወጣም፤ እኩለ ቀን ላይ ሰማዩ ትንሽ ሰማያዊ ይሆንና "በቃ፣ ይኸው ነው" እንዳለ ሰው ተመልሶ ይጨልማል። ምግቡማ! የተቀቀለ ዓሣ ከተቀቀለ ድንች ጋር፣ ከላዩ ነጭ መረቅ። ሦስቱም ነጭ፣ ሦስቱም ጨው የረሱ። አይባቸው ደግሞ ቡናማ ነው፣ ያውም ጣፋጭ። በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ እየበላች ላደገች ልጅ አይብ በስኳር? ኤዲያ! የያዝኩት ሚጥሚጣ በሁለተኛው ወር አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ የበላሁትን እኔም አላውቀው።

ያከራየችኝ ሴት ሲግሪድ ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ንግግር የማታበዛ፣ ልቧ ግን ደግ። ያቺን ወንበር ከጎተራዋ አውጥታ የሰጠችኝ እሷ ናት። ስፓርክ ይሏታል። መጀመሪያ ሳያት ለአካል ጉዳተኛ የተሠራች መስላኝ፣ "ማን ታመመ?" ብዬ ጠየቅሁ። "ማንም አልታመመም። ሥራ የምትሄጂባት ናት" አለችኝ። ቤቷ ኮረብታው ራስ ላይ ነው፤ የአረጋውያኑ መኖሪያ ታች፣ ሐይቁ ዳር። መንገዱ በሙሉ እንደ መስታወት የለሰለሰ በረዶ ነው፤ በእግሬ እሄዳለሁ ያለ በጀርባው ይደርሳል። ስለዚህ እዚያ ሰው ሁሉ ስፓርክ ይገፋል። ወንበሯ ላይ ገበያተኛው ዕቃውን ይጭናል፤ እናት ልጇን ታስቀምጣለች። እኔ ግን የማስቀምጠው የለኝም። ባዶ ወንበር እየገፋሁ በከተማ መሃል! ቦዲቲ ላይ እንዲህ ሲያደርግ የተገኘ ሰው ዘመዶቹ ይዘው ይጸልዩለታል እንጂ ሥራ ሄደ አይሉትም።

ፍሬን የላትም። ማቆም የፈለገ ተረከዙን በረዶው ላይ ይተክላል፤ መጠምዘዝ የፈለገ መያዣውን ጎንበስ ብሎ ያጣምማል። ይህን እስክለምድ ድረስ ስወድቅ ስነሳ ከረምኩ። ለመድኩ ስል ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና መጥቶ መኪኖቹ እንዳይንሸራተቱ መንገዱ ላይ ጠጠር ይበትናል። ብረቱ ጠጠሩን ሲያገኝ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ ያወጣና ወንበሯ ቀጥ ትላለች፤ እኔ ግን አልቆምም። በላይዋ አልፌ አፍንጫዬ በረዶ ውስጥ ይተከላል። የዚያን ጠጠር ጣዕም ዛሬም አልረሳውም። እርግጥ አንዳንድ ጠዋት፣ አዲስ በረዶ ሳይጥል፣ ጠጠርም ሳይበተን ቁልቁለቱን ስለቀው፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ ብሎኝ ጮኼ አውቃለሁ። እሱንም አልክድም።

ያስቸገረኝ የአስተዳደጌ ነገር ነው። እኛ ጋ ሽማግሌ በእግሩ እየሄደ ወጣት በቅሎ ላይ አይቀመጥም፤ ወርዶ ያስቀምጠዋል። እኔም በየመንገዱ ያገኘሁትን አዛውንት ሁሉ እያቆምኩ "ይቀመጡ፣ ልግፋዎት" እል ጀመር። አንዳንዱ ይስቃል። አንዷ አሮጊት፣ "ምን አየሽብኝ? ደክሞኛል አልኩሽ?" ብላ ተቆጣችኝ፤ ክብር የሰጠኋት መስሎኝ ለካ ተሳድቤአለሁ። ሲግሪድ ስትሰማ ያን ክረምት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች።

የአረጋውያኑ መኖሪያ ንጹሕ ነው፤ ሁሉ ነገር በሰዓት ነው። ይበላሉ በሰዓት፣ ይታጠባሉ በሰዓት። ግን ሽታው! የተቀቀለ ጎመን፣ ሳሙና፣ ከሥር ደግሞ ሽንት። እዚያ ነው ቶርቫልድን ያወቅሁት። አናጢ ነበር፤ እጆቹ አካፋ ያህላሉ። ከሐይቁ ማዶ በገዛ እጁ የሠራው ቤት አለው፤ ልጁ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ይኖርበታል። ቶርቫልድ ቀኑን ሙሉ ወደ ሐይቁ በሚያሳየው መስኮት ቆሞ ያለፈ ያገደመውን ሠራተኛ፣ "ቤቴ የምሄደው መቼ ነው?" ይላል። "ነገ" ይሉታል። በማግሥቱም "ነገ"። ለሽማግሌ ውሸት ይነገራል እንዴ? እኔን የወደደኝ የሚዋሽ ቋንቋ ስላልነበረኝ ይመስለኛል። "አላውቅም" ነበር የምለው።

የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀን፣ ያቺ የእኩለ ቀን ሰማያዊ ብርሃን እንደወጣች፣ ለከሰዓት ሥራዬ ስደርስ ቶርቫልድ ከበሩ ውጭ ቆሟል። ካፖርቱን ለብሷል፤ ባርኔጣውን አድርጓል፤ ትንሽ ሻንጣ ይዟል።

"ቤቴ ልሄድ ነው። ትወስጂኛለሽ?" አለኝ።

እዚህ ላይ የዚያ አገር ሰው ቢሆን ገብቶ ይጠይቃል። ማን ፈቀደ፣ ማን ፈረመ ይላል። እኔ ምን አደረግሁ? ሻንጣውን ተቀበልኩ። ሻንጣ የያዘ ሽማግሌ ሸኚኝ ካለሽ ትሸኚዋለሽ፤ ሽማግሌ አይመረመርም። ደግሞስ የገና ሰሞን ነው፤ ልጆቹ ጠርተውት ይሆናል አልኩ። አባቱን ለበዓል የማይጠራ ሰው እንዳለ በምን አውቄ? ወንበሯ ላይ አስቀመጥኩት፤ ጉልበቱ ላይ የአንገት ልብሴን ጠቀለልኩለት። በረዶ በሆነው ሐይቅ ላይ፣ በቅርንጫፍ ምልክት በተደረገው የክረምት መንገድ ገፋሁት።

እንዴት አማረባት! ሰው ሲቀመጥባት ወንበሯ ትረጋለች፤ ብረቶቹም በረዶውን ደህና አድርገው ይይዛሉ። ባዶዋን ለመግፋት እንዳልተሠራች ያን ቀን ነው የገባኝ። ቶርቫልድ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በእጁ ያሳየኛል። እዚህ ዓሣ አጠምድ ነበር፤ እዚያ ፈረሴ ሰጥሞ አወጣነው። መዝሙር ቢጤ ያንጎራጉራል። መኖሪያው ውስጥ ያለቀለት ሽማግሌ ነበር፤ ሐይቁ ላይ ግን ቤቱ የሚገባ አባወራ ሆነ። እኔም ደስ አለኝ። ይኸው ለአንድ ሰው ጠቀምኩ አልኩ።

ቤቱ ቀይ ነው፤ ጭስ ይወጣል፤ በየመስኮቱ መብራት አለ። ከውስጥ የሚጠበስ ሥጋ ሸተተኝ። እዚያ አገር ከረገጥኩ ጀምሮ ያሸተትኩት የመጀመሪያው የደህና ምግብ ሽታ ነበር። ሳላስበው በአማርኛ "ቤቶች!" ብዬ ተጣራሁ። ልጁ ከፈተ፤ ሃምሳ ዓመት የሚሆነው ወፍራም ሰው። ከኋላው ሁለት ልጆች አጮለቁ። እኔ "ቤት ለእንግዳ" መባልን እየጠበቅሁ ፈገግ ብያለሁ።

መጀመሪያ እኔን አየ፤ ቀጥሎ አባቱን፤ ቀጥሎ ሻንጣውን። ሻንጣውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ማን ነው አምጪው ያለሽ?"

"እሱ ራሱ" አልኩ። "ቤቱ ነው አይደል?"

ቶርቫልድ ከወንበሩ ሳይነሳ ባርኔጣውን አወለቀ። በገዛ ቤቱ ደጅ ለገዛ ልጁ ባርኔጣውን አወለቀ! "ትንሽ ብገባ ይቻላል?" አለው።

ልጁ ወደ ውስጥ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ የሴት ድምፅ መለሰለት። ከዚያ በሩን እንደያዘ፣ "አባባ፣ ዛሬ አይመችም። ሰው ጠርተናል" አለ።

አይመችም! ጫማ ነው የማይመቸው፤ አባት አይመችም ይባላል? ደሜ ፈላ። ባለኝ ስባሪ ቋንቋ፣ "አባትህ ነው! ብርድ ነው! ቢያንስ ቡና ስጠው!" ብዬ ጮህኩበት።

ልጁ ቀላ። "አንቺ አታውቂም" አለኝ። "ከገባ አይወጣም። ባለፈው ስንመልሰው አልጋውን ሙጥኝ ብሎ አለቀሰ፣ ልጆቹ ፊት። እሱን ነገር ሁለተኛ አላደርገውም።" እውነቱን ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ መልሶ መላልሶ ያስበውም ይሆናል። በሩን ግን አልለቀቀም።

ከዚያ የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ። ሚስቱ መጣችና፣ በሩን በያዘው ባሏ ክንድ ሥር እጇን አሾልካ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ብስኩት ለሽማግሌው ሰጠችው። ለመንገድ! ለለማኝ እንደሚሰጠው፣ በበር ቀዳዳ! ቶርቫልድ በሁለት እጁ ተቀበለ። "አመሰግናለሁ። ደጎች ናችሁ" አለ። ባርኔጣውን አጠለቀና "እንመለስ" አለኝ።

ስድብ ጠብቄ ነበር። እርግማን ጠብቄ ነበር። የኛ አባት ቢሆን በትሩን ደጃፉ ላይ ተክሎ አንድ ቃል ይናገር ነበር፤ ያቺን ቃል ፈርተን ነው ሁላችንም ያደግነው። ይህ ሰውዬ አመሰገነ! እግዚአብሔር ያውቃል፣ በዚያች ደቂቃ ከልጁ ይልቅ አባቱ አስጠላኝ። ወንበሯን አዙሬ እንደ ጆንያ ገፋሁት።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ "ይቅርታ" አለኝ። ምኑን እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ጎንበስ ስል ገባኝ። ሸንቶበታል። ሽንቱ በካፖርቱና በአንገት ልብሴ አልፎ ወንበሯ ላይ መርጋት ጀምሯል። ብስኩቱን ሳይከፍት እንደያዘ ነው። ገፋሁ ብቻ።

ስንደርስ ኃላፊዋ ከሠራተኞቹ ጋር በር ላይ ቆማለች፤ ልጁ ቀድሞ ደውሎላት ኖሯል። ሳትጠይቂ፣ ሳታሳውቂ፣ በዚህ ብርድ፣ ቢሞትስ ኖሮ አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ሊሞት ይችል ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው ሲቆጣኝ አንድም እንኳ በሩ ላይ ምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔን ወደ ልብስ እጥበት ክፍል አዛወሩኝ። በሩ ላይ ደግሞ ቁጥር ካልነኩት የማይከፈት ቁልፍ ተገጠመ።

ቶርቫልድ ከዚያ ወዲያ መስኮቱ ጋ አልቆመም። መቼ ነው የምሄደው ብሎም አልጠየቀም። "አሁን ተረጋጋ" ይላሉ ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው። ተረጋጋ! ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን ያደርጋል፣ ይረጋጋል እንጂ። እኔ በየማለዳው ያቺኑ ወንበር እየገፋሁ እሄዳለሁ፤ አጥቤአት ፍቄአት እንኳ ይሸተኝ ነበር። በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ። በቀብሩ ላይ ልጁ ተንሰቀሰቀ፤ ከቀብር መልስ ክሬም የተለበጠ ኬክ ቀረበ። ለቅሶ ቤት የቀረበን አለመቅመስ በኛ ዘንድ ነውር ነው። እኔ አልቀመስኩም፤ እንዲያዩኝም ፈልጌ ነበር።

ሰላሳ ዓመት ሙሉ ታዲያ የሚቆጠቁጠኝ የልጁ ክፋት አይደለም። ክፉ ልጅ ሞልቷል። ያ ምስጋና ነው። ደሙ በብርድ የረጋ ሕዝብ፣ መቆጣት እንኳ የማይችል እያልኩ ስንቃቸው ኖርኩ።

ቅዳሜ ዕለት እንግዳው ስቆ ስቆ ወደ ሥጋው ሲመለስ ነው ወንድሜ ሳሎኑ ውስጥ አለመኖሩን ልብ ያልኩት። ከገባሁ ጀምሮ ሰላምታውና ጸሎቱ ፋታ አልሰጠኝም ነበር።

"ታምራት፣ አባትህ የታለ?"

"ጓሮ ነው አክስቴ፣ ሰርቪሱ ጋ። ግርግሩ እንዳይረብሸው ብለን ነው።"

ተነሳሁ። ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ከሚከትፉበት ቀጥሎ አንዲት ክፍል አለች። ግማሹን የከሰል ማዳበሪያና ያረጀ ፍራሽ ይዞታል። ወንድሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ከረባት አስሯል። ለልጁ ቤት ምርቃት አምሮ ለብሶ፣ ከከሰል ጋር ተቀምጧል! ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቦዲቲውን ቤት ሸጦ ለዚሁ ግንባታ የሰጠ ሰው ነው። ጉልበቱ ላይ የተላከለት ሥጋ በሰሃን አለ።

"ጋሼ፣ ተነስ!" አልኩት። "እዚህ ምን ታደርጋለህ? አሁን ገብቼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባልነግርልህ!"

እጄን ያዘኝ። "ተይ አስቱ። ጥሩ ልጅ ነው። ይኸው ምግብ ልኮልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጠው።"

"ምኑ ነው ጥሩ? በል ተነስ፣ እኔ ቤት እንሂድ።"

"ልጁ እያለ እህቱ ቤት ተጠጋ እንዲባል? የልጄን ስም አላስጠራም።" ከዚያ በሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንቺ ተናግረሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። እኔ ዛሬም የማድረው እዚሁ ነው።"

ለካ ቶርቫልድን ያደነዘዘው ብርድ አልነበረም። በር ላይ የቆመ ሰው ነገም በዚያው በር ተስፋ ካለው አይሳደብም።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ወዲያው የታምራት ሚስት ሥጋ ያለበት ሰሃን ይዛ አንገቷን በበሩ አስግጋ፣ "ጋሼ፣ ምን ይጨመርልዎት?" አለች። ወንድሜ ከአልጋው ብድግ እንደማለት ብሎ፣ "በቂ ነው ልጄ፣ ተባረኪ" አላት።

እሷም ወደኔ ዞራ ምን እንደምል ጠበቀች። ሰሃኗን አየሁ፣ የወንድሜን ከረባት አየሁ።

"ተባረኪ" አልኳት።